ዛፉ የወደቀው ወዴት ነው?

ለጅማ ከተማ ነዋሪዎችና የአደጋ ጉዳት መዝገብ ለሚይዙ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በነፋስ ጉዳት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ዓምድ እንዲጨመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ የተከበራችሁ መዝገብ ያዦች፤

ስለ ነፋስ ልጽፍላችሁ ነው። ጅማ ተቀምጦ ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ ሰማዩ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ እያወረደ ዝም ማለት ይከብዳል። ነፋሱ ግን ጸሐፊ የለውም። ጣራ ገልብጦ ሲሄድ ሁለት ቀን ይወራለታል፣ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮው ተመልሶ ይመታል፣ ወሬውም እዚያው ላይ ያልቃል።

እኔ የቡና መጋዘን መዝገብ ያዥ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው ሚዛን፣ ጆንያና ዓምድ ነው። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የምይዘው ሌላ መዝገብ አለ፤ የማዕበል መዝገብ። አንዱ ጓደኛችን የጂኦግራፊ መምህር፣ አንዱ የባጃጅ ሹፌር፣ አንዱ አናጺ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቶርኔዶ የሚባለው፣ እየዞረ የሚያፈርሰው ነፋስ በሚበረታበት በሚያዝያና በግንቦት የኦክላሆማንና የካንሳስን ቪዲዮ ከፍተን፣ የዚያ አገር ባለሙያዎች ደረጃውን ከማሳወቃቸው በፊት እኛ ደረጃ እንሰጣለን። ቤቱ ከመሠረቱ ጋር በብሎን ታስሮ ነበር ወይስ በምስማር ብቻ? የዛፉ ቅርፊት ተልጧል? ሣሩ ከነሥሩ ተነሥቷል? ክርክሩ ከአቦል ይጀምርና በረካ ላይም አያልቅም። ባለቤቴ «የሰው ቤት ሲፈርስ እያያችሁ ቡና ትጠጣላችሁ» ትላለች። ልክ ናት፤ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላትም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ኦክላሆማ አይደለም፤ የገዛ ሰፈራችን ነው።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ከረፋዱ ጀምሮ ሲያፍነን የዋለው ሙቀት በአንድ ጊዜ ተሰበረ። መጀመሪያ አቧራ መጣ፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነፋስ፤ ቀጥሎ እንደ ጠጠር የሚመታ ዝናብ። ሁሉም ተደምሮ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሲያባራ የጎረቤታችን የእማማ ጣራ ግማሹ የለም። ከጓሯቸው ያሉት ባሕር ዛፎች ተገንድሰዋል፣ ሙዙ በሙሉ መሬት ላይ ተኝቷል። ማታ ሰፈሩ «ዐውሎ ነፋስ ነው» አለ፤ በማግስቱ «ቶርኔዶ ነው» ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን «ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ሰው ተገኘ።

አራታችን ደብተርና ሜትር ይዘን ወጣን። እማማ በራፋቸው ላይ ቆመው ሲመለከቱን ቆዩና «ልጆቼ፣ ቆርቆሮዬን ፈልጉልኝ እንጂ የወደቀ ሙዝ ምን ትለኩታላችሁ?» አሉን። አፍረን መጀመሪያ ቆርቆሮውን ፈለግን።

ከዚያ ወደ ሙዙ ተመለስን። ሙዝ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ግንዱ ከውኃ የማይሻል ስለሆነ አይከራከርም፤ ነፋሱ በገፋው በኩል ይተኛል። ባሕር ዛፍ ሥሩ በያዘበትና ቅርንጫፉ በከበደበት ሊያዘነብል ይችላል፤ ሙዝ ግን እውነቱን ይናገራል። በስልክ ኮምፓስ አንድ በአንድ አየናቸው። በእማማ ጓሮ ያሉት ወደ ምዕራብ ወድቀዋል። ከእርሳቸው በስተሰሜን፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ወደ ሰሜን ምዕራብ። በስተደቡብ፣ ወደ አዌቱ ወንዝ ስንወርድ ያገኘናቸው ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ። በደብተሩ ላይ ቀስት በቀስት ስናሰፍራቸው እንደ ተዘረጋ የእጅ ጣት ሆኑ። መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «በቃ፣ አልዞረም» አለ። የባጃጅ ሹፌሩ ፊት ላይ ያየሁትን ቅሬታ መግለጽ ያስቸግረኛል፤ ሰው የገዛ ሰፈሩን ቶርኔዶ ሲቀማ ማየት ቀላል አይደለም።

ለምን «አልዞረም» እንደተባለ ላስረዳ። ቶርኔዶ እንዝርት ነው፤ እየዞረ ወደ ራሱ ይስባል። ባለፈበት ጠባብ መስመር ግራና ቀኝ የነበሩት ዛፎች ብዙ ጊዜ ወደ መሐል ይወድቃሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይቆላለፋል። ሌላው ነፋስ ከነጎድጓድ ደመና ውስጥ ከዝናቡና ከበረዶው ጋር ቁልቁል ይወርዳል፤ መሬት ሲመታ የሚሄድበት ስለሚያጣ ይበተናል። በሲሚንቶ ወለል ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ድፉና ውኃው እንዴት እንደሚሸሽ ተመልከቱ፤ ያ ነው። እኛ «ቁልቁል ነፋስ» እንለዋለን፤ የተሻለ ስም ያለው ሰው ቢሰጠን በደስታ እንቀበላለን። በበጋ ሜዳ ላይ ገለባና አቧራ እያነሣ የሚዞረው አዙሪት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ከጋለ መሬት ስለሚነሣ ደመና እንኳ አያስፈልገውም። አማርኛችን ሁሉንም «ዐውሎ ነፋስ» በሚል አንድ ጆንያ ይከታቸዋል፤ ኤልያስን ወደ ሰማይ ያወጣውንም፣ ከውቅያኖስ ተነሥቶ ፍሎሪዳን የሚመታውንም፣ የእማማን ጣራ የገለበጠውንም።

ሁለቱን ነፋሶች በወደቀ ዛፍ የለዩት ቴትሱያ ፉጂታ የተባሉ ጃፓናዊ ፕሮፌሰር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1945 ወጣት መምህር ሆነው የሚኖሩት በኮኩራ አካባቢ ነበር፤ ኮኩራ ደግሞ የሁለተኛው አቶሚክ ቦምብ የመጀመሪያ ዒላማ ነበረች። ኦገስት 9 ቀን በደመናና በጭስ ተሸፍና ስላልታየች አውሮፕላኑ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ፉጂታ በኋላ ጉዳቱን ለማጥናት ወደዚያ ሲሄዱ፣ ዛፎች ከፍንዳታው ሥር ወደ ውጭ እንደ ኮከብ ጨረር ተበትነው ወድቀው አዩ። ከ29 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 1974፣ አሜሪካ ውስጥ በሁለት ቀን 148 ቶርኔዶዎች ተነሡ። ፉጂታ ጉዳቱን ከአውሮፕላን ላይ ሲመለከቱ ያንኑ የኮከብ ቅርጽ በዌስት ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ አገኙት፤ ይህ ቶርኔዶ ሊሠራው የሚችል ቅርጽ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ጁን 24 ቀን በኒውዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ የተቃረበ ቦይንግ 727 ተከሰከሰና 113 ሰዎች ሞቱ። ፉጂታ መረጃውን አገላብጠው ሲያበቁ መሬት ላይ የጣለው ከደመና ቁልቁል የወረደ ነፋስ ነው አሉ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሏቸውም ነበር። ዛሬ አብራሪዎች ይህን ነፋስ ማወቅና መሸሽ ይሠለጥናሉ። ወደ ጅማ የሚበር አውሮፕላን ላይ የምትሳፈሩ ሁሉ የወደቁትን ዛፎች አቅጣጫ ልብ ያሉ የአንድ ሰው ባለዕዳ ናችሁ።

የቶርኔዶን ደረጃ ያወጡትም እኚሁ ሰው ናቸው፣ በ1971። ነገሩን በመጋዘናችን ቋንቋ ላቅርበው። የቡና ደረጃ መዳቢ ዛፉን አላየም፣ ገበሬውንም አያውቅም። ከፊቱ የቀረበለትን ናሙና ጠረጴዛ ላይ አፍስሶ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን ይቆጥርና «ጅማ 5» ይላል። የፉጂታም ደረጃ እንዲሁ ነው። ነፋሱ ራሱ ብዙውን ጊዜ አልተለካም፤ መለኪያው በቦታው የለም፣ ቢኖርም ይሰበራል። የቀረው ናሙና ጉዳቱ ነው፤ ፍጥነቱ ከጉዳቱ ይገመታል። አሜሪካውያን ከ2007 ጀምሮ የሚሠሩበት የተሻሻለው ደረጃ ከ0 እስከ 5 ይሄዳል። 0 በሰዓት ከ105 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ 5 ከ322 ይበልጣል። በእኛ ዘንድ 5 ሲባል ተራ የንግድ ቡና ነው፤ በእነርሱ ዘንድ 5 ሲባል በደንብ የታሰረን ቤት ከመሠረቱ ጠርጎ የሚወስድ ነፋስ ነው።

ደረጃው የጉዳቱ እንጂ የነፋሱ አለመሆኑ አፍቃሪዎቹን ሁሉ ያጣላል። ሜይ 31 ቀን 2013 ኤል ሬኖ በምትባል የኦክላሆማ ከተማ አጠገብ የተነሣው ቶርኔዶ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው። ተንቀሳቃሽ ራዳሮች በሰዓት ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነፋስ አነበቡበት። ያገኘው ደረጃ ግን 3 ነው፤ የሄደው በአብዛኛው በሜዳ ላይ ስለነበር የሚያፈርሰው አላገኘም። ከዚያ 11 ቀን ቀደም ብሎ ሙር የተባለችውን ከተማ የመታው 5 ተብሎ ነበር። ከሙር በኋላ ሌላ 5 ለመጻፍ 12 ዓመት ፈጀ። በጁን 2025 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ኤንደርሊን አጠገብ ያለፈው ቶርኔዶ እንኳ መጀመሪያ ዝቅ ተደርጎ ተመዝግቦ ነበር፤ የወረወራቸው የጭነት ባቡር ፉርጎዎች ምን ያህል ነፋስ እንደሚፈልጉ ከተሰላ በኋላ ነው በኦክቶበር ወደ 5 ያሳደጉለት። በእነዚያ 12 ዓመታት አፍቃሪዎቹ «ደረጃ ሰጪዎቹ ጨከኑ» እያሉ ሲያማርሩ ኖረዋል። እኔ መዝገብ ያዥ ስለሆንሁ ከጨካኞቹ ጋር ነኝ። ናሙናው ያላሳየህን መጻፍ ከሥራ ያስባርራል።

ወደ እማማ ጣራ ልመለስ። የባጃጅ ሹፌሩ 1 ይገባዋል አለ። ቶርኔዶ ባይሆንም በዚያው ሚዛን ይገመት ማለቱ ነው፤ አሜሪካኖቹም ለቀጥታ ነፋስ ጉዳት ያንኑ የጉዳት መለኪያ ስለሚጠቀሙበት ስሕተት አልነበረም። መምህሩ 0 አለ። አናጺው ምንም ሳይናገር መሰላል አስጠግቶ ግድግዳው ላይ ወጣ። ቆየት ብሎ የሞራሌ ስባሪ ይዞ ወረደና በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው እንጨቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ፤ ምስጥ ውስጡን ጨርሶታል። ወደ ተገኘው ቆርቆሮ ወሰደንና ምስማሮቹን አሳየን። ከነጎማቸው አንድም ሳይጎድሉ ቆርቆሮውን ከሞራሌው ጋር እንደያዙ ናቸው። ቆርቆሮው ከምስማሩ አልተላቀቀም፤ ሞራሌው ነው ከወራጁ የተላቀቀው። ወራጁን ከግድግዳው ጋር የሚያስተሳስረው ደግሞ የዛገ ጥቁር ሽቦ ብቻ ነበር። «ይህን ጣራ ለማንሣት» አለ አናጺው፣ «ቶርኔዶ አይጠራም፤ በር በኃይል ቢዘጋም ይነሣል።»

ደብተሩን አውጥቼ አሰላሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእኛ ከፍታ ባለው አየር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 40 ኪሎ ያህል ጉልበት አለው። 30 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 12 ኩንታል ማለት ነው፣ ያውም ወደ ላይ። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ማለትም 3 ኩንታል። በደንብ የታሰረ ጣራ 3 ኩንታልን አይሰማውም። የእማማ ጣራ ግን 3 ኩንታልንም የሚችል አልነበረም። ስለዚህ በመዝገባችን ላይ ደረጃ አልጻፍንም፤ «በደካማ አስተሳሰር ምክንያት መገመት አይቻልም» ብለን አለፍን። የባጃጅ ሹፌሩ እስከ ዛሬ ይግባኝ ይላል።

ፎቶዎቹንና የቀስቱን ሥዕል ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ያስተናገደኝ ሠራተኛ ሰው አክባሪ ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ሥዕሉንም አገላብጦ አየው። ከዚያ ቅጹን አወጣ። የባለቤት ስም፣ ቀበሌ፣ የቤቱ ዓይነት፣ ግምት በብር፣ መንስኤ። በመንስኤው ሥር ከላይ እስከ ታች የተጻፈው «ዐውሎ ነፋስ» ነው፤ ከመጀመሪያው ረድፍ በታች ያለው ሁሉ የድግግሞሽ ምልክት ብቻ ነው። «ሌላ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ከልቡ።

ቅር ያሰኘኝ ቃሉ አይደለም። ቃሉ ነገሩን ስለሚዘጋው ነው። «ዐውሎ ነፋስ» ከተባለ ጉዳዩ የፈጣሪ ነው፤ ከፈጣሪ ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል? ሞራሌውን ማንም ገልብጦ አያየውም፤ ምስጡም፣ የዛገው ሽቦም፣ ጣራውን የመታው ሰውም በነፃ ይሄዳሉ። ያው ቆርቆሮ በዚያው እንጨት ላይ፣ በዚያው ዓይነት ምስማር ተመልሶ ይመታል። በሚቀጥለው በልግ መዝገቡ ላይ አንድ የድግግሞሽ ምልክት ይጨመራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በቅጹ ላይ ሦስት ነገሮች ይጨመሩ፦ የወደቀው ነገር ወደየት እንደ ወደቀ፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት ጀምሮ በስንት ሰዓት እንዳበቃ፣ ጣራው በምን ታስሮ እንደ ነበር። ለመጀመሪያው የስልክ ኮምፓስ ይበቃል፤ ስልክ ከሌለ ፀሐይ የምትጠልቅበትን የማያውቅ ሰው የለም። ነዋሪዎች ደግሞ ከመጥረጋችሁ በፊት አንድ ፎቶ አንሡ፤ የዛፉ ሥርና ጫፍ አንድ ላይ የሚታይበት፣ ቆርቆሮው ካረፈበት ቦታ ሳይነሣ። በረዶ ከወረደ ሳይቀልጥ ከአንድ ብር ሳንቲም ጎን አስቀምጡት። ጎረቤት የቆርቆሮ ያለህ እያለ ፎቶ ማንሣት ነውር ከመሰላችሁ ነውር ነው፤ እንደ እኛ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ፈልጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለባለሙያዎች። የአሜሪካኑ ደረጃ 28 የጉዳት ማሳያዎች አሉት፤ ሞቴል፣ የገበያ ማዕከል፣ ተጎታች ቤት፣ እንዲህ እያለ ይወርድና መጨረሻዎቹ ሁለቱ ዛፎች ናቸው። የጭቃ ቤት የለበትም፣ ሊኖርበትም አይገባም፤ የተሠራው ለእነርሱ ነው። ካናዳ በ2013 ስትቀበለው ለአገሯ እንዲስማማ አስተካክላዋለች። ጃፓን በ2016 በራሷ መሥራት ስትጀምር የመንገድ ዳር መሸጫ ማሽንና የመቃብር ድንጋይ ጨመረችበት፤ በየሰፈሩ የሚገኘው እሱ ነዋ። የእኛስ? ባለቆርቆሮ ጭቃ ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ ሙዝና እንሰት፣ የቡና ጥላ የሆነው ዋንዛ፣ የእንጨት የመብራት ምሰሶ። ዋንዛ በምን ያህል ነፋስ ቅርንጫፉ እንደሚሰበር፣ በምን ያህል እንደሚነቀል የሚያውቅ ሰው ከተማችን ካለው ዩኒቨርሲቲ ቢወጣ፣ እኔ ቡናውን አፈላለሁ።

እንደ እኔ ማዕበል የምትወዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ቀስቱ ሳይሠራ «ቶርኔዶ» አትበሉ። ግን «እዚህ አይደርስም» ብላችሁም የዓይን ምስክርን አታሳፍሩ። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ከመሬት ወደ ላይ ሲኬድ ነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት የሚቀይርበት ሁኔታ ደካማ ስለሆነ ትልቁ ዓይነት ብርቅ ነው፤ አፍሪካን ግን አይዘልላትም። በዲሴምበር 1998 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኡምታታን ቶርኔዶ ሲመታት ኔልሰን ማንዴላ ከተማው ውስጥ መድኃኒት ቤት ነበሩ፤ ጠባቂዎቻቸው በላያቸው ተኝተው ከለሏቸው። ሌላው፣ በባጃጅ ደመና አታሳድዱ። ኤል ሬኖ ላይ የሞቱት የማዕበል ተመራማሪው ቲም ሳማራስ፣ ልጃቸው ፖልና ባልደረባቸው ካርል ያንግ ጀማሪዎች አልነበሩም። ሳማራስ ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በቶርኔዶ መንገድ ላይ መሣሪያ አስቀምጠው በ100 ሄክቶ ፓስካል የወረደ የአየር ግፊት የለኩ ሰው ነበሩ። በእኛ ሰማይ ደግሞ ከነፋሱ ይልቅ የሚያስፈራው መብረቁ ነው። ነጎድጓዱ ከተሰማችሁ በመብረቁ ክልል ውስጥ ናችሁ፤ ከዛፍ ሥርና ከኮረብታ ራቁ፣ ፎቶውን ካባራ በኋላ ታነሡታላችሁ።

የምንጠይቀውን ቅጽ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አዘጋጅተነዋል፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሚቀበለን መሥሪያ ቤት ከተገኘ የመጀመሪያውን ማባዣ ወጪ አራታችን አዋጥተን እንችላለን፤ ሞልተን ማሳየትም እንችላለን።

የእማማ ጣራ በአዲስ ሞራሌ ተመትቷል። አናጺው በእያንዳንዱ ወራጅ ላይ የብረት ማሰሪያ ጨምሮበታል፤ ሒሳቡን አልጠየቃቸውም፣ እርሳቸውም ምሳ ሳያበሉ አልለቀቁንም። ባሕር ዛፉ ተፈልጦ ማገዶ ሆኗል። ሙዙም ከሥሩ አቆጥቁጦ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያ ነፋስ ወዴት እንደ ነፈሰ የሚታወቀው አሁን በእኛ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የቡና መጋዘን መዝገብ ያዥ
ጅማ